ለዘመኔ ሰዎች፦ የሴቶቹን ታሪክ ይዛችሁ አትቀበሩ

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፤ ሰባውን አልፈናል። በየጊዜው ከመካከላችን አንዱን ሸኝተን እንመለሳለን። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ የሚወራውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ማን የየትኛው ዞን ኃላፊ ነበር፣ ማን ማንን አጋለጠ፣ ድርጅቱ የሳተው የቱ ላይ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህንን ስንከራከር ኖርን። ብዙዎቻችሁ መጽሐፍ ጽፋችኋል፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ባትጽፉ ኖሮ ከ1966ቱ አብዮት የሚተርፈን የመንግሥት መግለጫ ብቻ በሆነ ነበር። እነዚያን መጻሕፍት አንድ በአንድ ካነበብኩ በኋላ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። በአብዛኞቹ ውስጥ ሴት ብቅ ስትል ወይ ታጋይ ደብቃ ታሳድራለች፣ ወይ ስንቅ ታቀብላለች፣ ወይ ታለቅሳለች። ብዙ ጊዜ ስም እንኳ የላትም፤ «አንዲት ጓዲት» ትባላለች፣ ምዕራፉ ሲያልቅም አብራ ታልቃለች።

ነገሩ በዚሁ ከቀረ፣ ከእኛ በኋላ የሚነሣው ወጣት አብዮትን የሚማረው ከእኛ መጽሐፍ ነው። በትግል ውስጥ ሴትን የት እንደሚያስቀምጣትም ከእኛው ይማራል። የማስጠነቅቃችሁ ይህንን ነው።

ከሥሩ ልጀምር። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ ውስጥ የልብስ ትርኢት ተዘጋጀ። ተማሪው ትርኢቱን የባዕድ ባህል ወረራ ነው ብሎ ተቃወመው። ተቃውሞው የሚናቅ አልነበረም፤ ገበሬው በባለርስት ቀንበር ሥር እያለ የፋሽን ሰልፍ ማየት የሚያስቆጣ ነው። ቁጣው ያረፈው ግን በማን ላይ ነበር? ወደ አዳራሹ በሚገቡ ሴቶች ላይ። ተሰደቡ፣ ተገፈተሩ፣ ተመቱ። ከዚያ የተከተለው የተማሪዎች መታሰርና የዩኒቨርሲቲው መዘጋት በትግሉ ታሪክ ውስጥ በሰፊው ተጽፏል። የተመቱትን ልጃገረዶች ግን የጠየቀ፣ የዚያን ቀን ምን እንደተሰማቸው የጻፈ ስንት ነው? ከዚያ ወዲያ «ተራማጅ ሴት» ማለት ምን እንደምትለብስ፣ ጫማዋ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ከንፈሯን ትቀባ ወይስ አትቀባ የሚወስኑት ወንዶች ጓዶቿ ሆኑ። ያን ጊዜ በግቢው ውስጥ ሴቶች በጣም ጥቂት ነበርን፤ ለመማር የመጣነው የወላጅን፣ የጎረቤትን፣ የአገርን አፍ ተቋቁመን ነው። ግቢው ውስጥ የጠበቀን ደግሞ ሌላ ዳኛ ነበር።

ማርታ መብራህቱን እንውሰድ። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን ለመጥለፍ ከተነሡት ሰባት ወጣቶች አንዷ ነበረች። ስድስቱ እዚያው አየር ላይ ተገደሉ፤ በሕይወት የተረፈችው ታደለች ኪዳነ ማርያም ናት። አብሯት ስለሞተው ስለ ዋለልኝ መኮንን ስንናገር ኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች የጻፈውን እናነሣለን፤ እንደግፈዋለን፣ እንነቅፈዋለን፣ እስከ ዛሬ እንጣላበታለን። ስለ ማርታ ስንናገርስ? የጄኔራል ልጅ መሆኗን፣ ቁንጅናዋን፣ የሕክምና ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ቀርቷት እንደነበረ እንተርካለን። ያሰበችው፣ ያነበበችው፣ የተከራከረችበት ነገር ከትረካው ወጥቷል። ዋለልኝ በሐሳቡ ሲታወስ ማርታ በመልኳ ትታወሳለች። አብረዋት የተማራችሁ፣ አብራችኋት የተከራከራችሁ ሰዎች ዛሬም አላችሁ። ስለምን ነበር የምትከራከረው? ንገሩን እንጂ!

በጥናት ክበብ ውስጥ ስለ ሴቶች ጥያቄ አልተነሣም ማለቴ አይደለም። ተነሥቷል። ኤንግልስን አንብበናል፤ ቤበልንም ያነበበ ነበር። የሴቶችን ጥያቄ የሚያጠኑ ክበቦች አገር ውስጥም ውጭም ነበሩ። ግን ውይይቱ ሁልጊዜ በአንድ መደምደሚያ ይዘጋ ነበር፦ የሴቶች ጭቆና የመደብ ጭቆና አካል ስለሆነ መደብ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ እስከዚያው ትግሉን አትከፋፍሉ፣ ይህ ከድል በኋላ የሚታይ ነው። ይህን ከግራ ድርጅቶቹ ኢሕአፓም ብሎታል፣ መኢሶንም ብሎታል፣ ወታደራዊው መንግሥት ደርግም ብሎታል። በሌላው ነገር ሁሉ ደም የተቃቡ ሰዎች በዚህ ተስማምተው ነበር።

የሚያሳዝነው ደግሞ ከያዝነው መጽሐፍ ራሱ ሌላ ነገር መማር እንችል ነበር። የሩሲያን አብዮት ቀን በቀን እናውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 በዓለም የሴቶች ቀን ዳቦ አጥተው ከፔትሮግራድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሥራ አቁመው የወጡት ሴቶች ናቸው፤ ንጉሡ ከዙፋኑ የወረደው በሳምንቱ ነው። እኛ ግን የተማርነው የማዕከላዊ ኮሚቴውን ስብሰባ ነበር። አልጄሪያ ደግሞ ከሩሲያም ትቀርበን ነበር። በ1961 ዓ.ም. መጨረሻ አውሮፕላን ጠልፈው የወጡት የኢሕአፓዎቹ እነ ብርሃነ መስቀል ረዳ በኋላ የኖሩት አልጀርስ ነው። የአልጀርስ ሴቶች ቦምብ በቅርጫት ተሸክመው የፈረንሳይን ኬላ ያለፉ፣ እንደ ጀሚላ ቡሂረድ የሞት ፍርድ የተፈረደባቸው ናቸው። ነጻነት ሲመጣ ወደ ቤት ተመለሱ ተባሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የአልጄሪያ የቤተሰብ ሕግ አዋቂ ሴት ያለ ሞግዚት ልታገባ አትችልም አለ። ድል ከተገኘ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር።

የእኛም ከዚህ የተለየ አልሆነም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንጉሡ ዘመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዛል። ባልየው ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ ትሥራ የሚል ቃልም አለበት። አብዮቱ መጣ። ንጉሡ ወረዱ፣ የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. ተወረሰ፣ ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ ባንኩና ፋብሪካው ተወረሰ። በሺህ ዓመት ሥርዓት ላይ ያልተነካ ነገር የቀረ መስሎ አይታይም ነበር። ያ ባልን ራስ የሚያደርግ አንቀጽ ግን ደርግን በሙሉ ተሻገረ፤ የተሻረው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። እሱም ቢሆን የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎች ለዓመታት ስለጮኹ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሶሻሊዝም ስንል የነበርን ሰዎች ይህን አንቀጽ ለመሻር አንድ ከሰዓት በኋላ አላገኘንም።

የመሬት አዋጁም እንደዚሁ ነው። የጾታ ልዩነት ሳይደረግ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ መሬት ያገኛል ይላል። እንዲህ ያለ ቃል በአገራችን ሕግ ውስጥ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ያረቀቁትም ሊመሰገኑ ይገባል። በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ የሰፈረው ግን የአባወራው ስም ነው። ባል የሞተባት ወይም የፈታች ካልሆነች በቀር፣ ሴቷ በባሏ ስም ሥር ገባች። ከታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ገጠር ከዘመቱት 60,000 ያህል ዘማቾች መካከል ያላችሁ ሴቶች ይህን በዓይናችሁ አይታችኋል። መዝገቡን የጻፍነው እኛ ነን፤ ጽሑፍ የሚያውቅ እኛ ነበርንና። ያኔ በየጣቢያው ከገበሬ ሴቶች የሰማችሁትን፣ በእናንተም ላይ የደረሰውን ጻፉት።

አሁን ወደ ኅቡዕ ሥራው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ልቆይ እፈልጋለሁ።

የኢሕአፓ ልሳን «ዴሞክራሲያ» እንዴት ታትማ እንዴት ትበተን እንደነበር የጻፋችሁ አላችሁ። ስቴንስሉን ማን ይመታው ነበር? ታይፕ የምታውቀው በየመሥሪያ ቤቱ የምትሠራው ጸሐፊ ናት። ቀን የሚኒስቴሩን ደብዳቤ፣ ማታ የድርጅቱን ጽሑፍ የምትመታ፣ የማባዣውን ቀለም ከጣቷ ላይ በሎሚ ስታስለቅቅ የምታድር። ወረቀቱ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላው ያለፈው በገበያ ዘንቢል፣ በነጠላ ሥር፣ በሕፃን ማዘያ ውስጥ ነው። ሽጉጥም እንዲሁ አልፏል። በኬላ ላይ ወንድ ሁሉ እጁን ሰቅሎ ሲፈተሽ ሴቷ በአንድ ፈገግታ ታልፍ የነበረበት ጊዜ ነበር፤ በኋላ ግን ይህም ታወቀና ሴት ፈታሽ ተመደበ። የድርጅት ቤት ሲከራይ ባልና ሚስት መስሎ የሚገባው ሰው የግድ «ሚስት» ያስፈልገው ነበር። ያቺ «ሚስት» ቤቱን ትጠብቃለች፣ ጎረቤት ታላምዳለች፣ የማያጠራጥር የቡና ሥርዓት ታቆማለች፣ አደጋ ሲመጣ በመስኮት ላይ ምልክት ታደርጋለች፤ ሰነዱን የምታቃጥለውም እሷ ናት። ቤቱ ሲያዝ የምትያዘው ማን መሰላችሁ? ወንዱ ለስብሰባ ወጥቷል፤ እሷ ቤት ናት።

ይህ ሁሉ በመጽሐፎቻችን ውስጥ «የሎጂስቲክ ድጋፍ» ተብሏል። ድጋፍ አልነበረም። ያ ሥራ ከቆመ ድርጅቱ ይቆም ነበር። የተኩሱን ሥራ የሠራው ሰው ስም ከነማዕረጉ ሲቀመጥ፣ ተኳሹ ያደረበትን ቤት የጠበቀችው ስም የላትም። ስሟን ግን ታውቃላችሁ። የትግል ስሟን የምታውቁም፣ የእናቷ ቤት የት እንደነበር የምታውቁም አላችሁ።

የሞቱት ሴቶች ቢሆኑ በዝርዝር ውስጥ አሉ ትሉኝ ይሆናል። ጥቂቶቹ አሉ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በቤት ለቤት አሰሳው ጊዜ የተገደለችውን የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሠራተኛ ዳሮ ነጋሽን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ነፍሰ ጡር ነበረች። ግድያው እጅግ አስደንጋጭ ስለነበር ያስገደላት የቀበሌ ሊቀመንበር ራሱ በመንግሥት ተረሸነ። ዳሮ የታወሰችው ግን በእርግዝናዋ ነው። የማተሚያ ቤት ሠራተኛ መሆኗ፣ ያን ጊዜ በሠራተኛው መካከል ምን ዓይነት እንቅስቃሴ እንደነበረ፣ እሷ በዚያ ውስጥ ማን እንደነበረች አብሮ አልተነገረም። ከመኢሶንም መሪዎች አንዷ የነበረችው ንግሥት አዳነ ድርጅቱ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ኅቡዕ ከገባ በኋላ ተገድላለች። የመኢሶን ሰዎች፣ ስለ እሷ የጻፋችሁት ስንት ገጽ ነው? መሪያችሁ ኃይሌ ፊዳ ብዙ ገጽ አለው፤ ይገባዋልም።

የደርግ ወገን የነበራችሁም ከዚህ አትወጡም። ከመቶ በላይ አባላት በነበሩት ደርግ ውስጥ አንዲት ሴት አልነበረችም። የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ፣ ኢሠፓ፣ ሲመሠረት የፖሊት ቢሮው አሥራ አንዱም ወንዶች ነበሩ። በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር፣ አኢሴማ፣ ሚሊዮኖችን አባል አድርጓል። እነዚያ ሚሊዮኖች ምን ተደረጉ? በሶ ፈጩ፣ ዳቦ ቆሎ ቆሉ፣ ቋንጣ አደረቁ፣ መዋጮ ከፈሉ፣ ለሰልፍ ወጡ፣ ለእንግዳ እልል አሉ። ልጃቸውን ለጦር ሜዳ ሰጥተው፣ ስንቁንም ራሳቸው አዘጋጁ። ከእነርሱ መካከል በየቀበሌው ማንበብ ተምረው፣ በየስብሰባው ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመው የተናገሩ ብዙ ነበሩ፤ ይህንን መካድ አይገባም። የመሠረተ ትምህርቱን ዘመቻ እኔ በበጎ ነው የማስታውሰው። ግን ማኅበሩን ስትመሩ የነበራችሁ ሴቶች፣ ትእዛዙ ከየት ይመጣላችሁ እንደነበር፣ ለመቃወም ስትሞክሩ ምን ትባሉ እንደነበር እናንተ ብቻ ናችሁ የምታውቁት።

በሁለቱም ወገን ያልነበሩትንም አንርሳ። የንጉሡ ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅ፣ የልጅ ልጆቻቸውና ሌሎች የቤተ መንግሥት ሴቶች 14 ዓመት ያህል ያለ ፍርድ ታስረዋል፤ ከልጅ ልጆቻቸው አንዷ የነበሩት ልዕልት እጅጋየሁ በ1969 ዓ.ም. በእስር ላይ እያሉ ሞቱ። የፊውዳል ወገን ናቸውና ይበላቸው ያልን ነበርን። በፍትሕ ስም የተነሣ አብዮት ያለ ክስ ሴቶችን ሲያስር እልል ያለ ሰው፣ በተራው የራሱ እኅት በማዕከላዊ እስር ቤት ስትታሰር የሚጮህበት አፍ አልነበረውም።

ቀጥሎ የምናገረው ከባድ ነው። በምርመራ ክፍሎች ውስጥ ሴቶች ተደፍረዋል። ይህን ከታሰርነው መካከል የማያውቅ የለም። ወፌ ላላን፣ የውስጥ እግር ግርፋትን፣ የጥይት ዋጋ ከፍሎ ሬሳ መውሰድን ስንናገር ሃምሳ ዓመት ሆነን፤ ይህንን ግን ዋጥነው። ዝም ያልነው ለእነርሱ አዝነን ነው የምትሉ አላችሁ። እንዲህ ያለውን ማንም ሴት ተገዳ ትናገር አልልም፤ ስሟን ሳትፈቅድ የሚያወጣ ሰውም በደለኛ ነው። ነገር ግን አልሆነም ብሎ መጻፍና ስም ሳይጠሩ ሆኗል ብሎ መጻፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በድርጅት ውስጥም፣ በበረሃም፣ በድርጅት ቤትም የበላይነቱን ተጠቅሞ ሴት ጓዱን የበደለ ሰው እንደነበረ የምታውቁ አላችሁ። እሱን ጀግና ብላችሁ በሐውልት ልታቆሙት ከሆነ፣ እባካችሁ ቆም በሉ። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲነሣ በሴቶች ላይ የደረሰውን ሁላችንም ሰምተናል፤ ልጆቻችን እንዴት እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን ሆነ ብለው ጠየቁን። መልሱን የያዝነው እኛ ነበርን። ባለፈው ጊዜም ሆኖ ነበር፤ ያደረጉት አልተጠየቁም፤ ያየነውም ዝም ብለናል።

መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ፊት ለፊት የቆሙት የሦስት ሴቶች ሐውልቶች ናቸው። የእናቶች ልቅሶ ነው የተቀረጸው። ያ ልቅሶ እውነት ነው፤ እናቶቻችን ልቅሶ እንኳ ተከልክለው ነበር። ግን አብዮቱን ያሰበች፣ የጻፈች፣ ያደራጀች፣ የታሰረችና የተገደለች ሴትም ነበረች፤ እሷን የሚያስታውስ ምን አቆምን?

«ጥይቱ ወንድና ሴት አልለየም፤ ስለዚህ ለይቶ መጻፍ አያስፈልግም» የሚል መልስ ከብዙዎቻችሁ ሰምቻለሁ። ጥይቱስ እውነት አልለየም። የለየው ከጥይቱ በኋላ የተጻፈው ነው።

ሴት ብዕር አንሥታ አታውቅም እንዳይባል፣ ጥቂቶች ጽፈዋል። ሕይወት ተፈራ ስምንት ዓመት ታስራ ወጥታ «ማማ በሰማይ»ን ጻፈች፤ ቆንጂት ብርሃን «ምርኮኛ»ን ጻፈች፤ ታደለች ኃይለ ሚካኤልም የብርሃነ መስቀልንና የራሷን ታሪክ «ዳኛው ማነው?» ብላ አወጣች። እነዚህን ያነበበ ሰው የእኛ ታሪክ ሌላ ክፍል እንደነበረው ያያል፦ ቤት ውስጥ ስለነበረው ፍርሃት፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ እስር ቤት ልጅ ማሳደግ፣ ድርጅት የራሱን ሰው ሲበላ ከጎን ሆኖ ስለ ማየት። ግን ለአንድ ትውልድ ሴቶች ይህ ምን ይበቃል?

እኅቶቼ፣ ለእናንተም ቃል አለኝ። «የእኔ ምን ይጻፋል፤ ወረቀት ነው ያመላለስኩት» የምትሉትን አልቀበልም። ያን ወረቀት ስታመላልሱ ብትያዙ የምትሞቱ መሆኑን እያወቃችሁ ነው ያመላለሳችሁት። ባሎቻችሁ፣ ወንድሞቻችሁ፣ የቀድሞ ጓዶቻችሁ ሲተርኩ ከጎን ሆናችሁ ቡና አትቅዱ፤ ስታስታውሱ የተሳሳተውን እዚያው አርሙ። አንዳንዶቻችሁ ማስታወስ እየከበዳችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ነው የምቸኩለው። በውጭ አገር ያላችሁም፣ በዋሽንግተን ይሁን በስቶክሆልም፣ ልጆቻችሁ አማርኛውን ሳይረሱት አስቀምጧቸውና ንገሯቸው፤ ስልካቸው ይቀዳል።

ወጣቶቹ ደግሞ እስክንጽፍ አልጠበቁንም። በየጊዜው ለሰልፍ ይወጣሉ፣ ይደራጃሉ፣ ይታሰራሉ። ሴቶቹ አሁንም ከፊት አሉ፤ አሁንም «ይሄ ከድል በኋላ» ይባላሉ። በ2011 ዓ.ም. የካቢኔው ግማሽ ሴቶች ሆነው ሲሾሙ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ወንበር መስጠት ግን በላይ ሰው ፈቃድ የሚሆን ነገር ነው፤ ሰጪው ሲሻው ይነሣል። በትግል ውስጥ የሴትን ቦታ የሚወስነው ቀድሞ ከታገሉት የሚወርሰው ልማድ ነው፤ ያን ልማድ የምናወርሰው እኛ ነን።

ስለዚህ መጽሐፍ በማዘጋጀት ላይ ያላችሁ፣ ከመታተሙ በፊት ረቂቁን አብራችሁ ለታገላችኋት ሴት አስነብቡ። «አንዲት ጓዲት» ያላችሁበትን ቦታ ሁሉ ፈልጋችሁ ስሟን አስገቡ፤ በሕይወት ካለች አስፈቅዱ፣ ከሞተች ቤተሰቧን ጠይቁ። ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ፣ የእስር ቤት ጥልፍ፣ በካኪ ወረቀት ላይ የተጻፈ ማስታወሻ ያላችሁ በሣጥን ውስጥ አታኑሩት፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክርም አለ። መጻፍ የማትችሉ ተናገሩና ይቀዳ፤ አንዱን ቅጂ ለልጆቻችሁ፣ አንዱን ለተቋሙ ስጡ። ዘንድሮ ይሁን፤ ለከርሞ አትበሉ።